የመስመር ዳኞቹ ሽምግልና

ወንድሜ ፌኔሎን ቂም አያያዝ ያውቅበታል። ሌላው ሰው ይቆጣል፣ ይጮሃል፣ ከዚያም ይረሳዋል። እሱ ግን አይጮህም። ቂሙን እንደ ደህና ልብስ አጥፎ ያስቀምጥና ቀኑ ሲደርስ አውጥቶ ይለብሰዋል። በተረፈ ጥሩ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሞንትሪያል ታክሲ ነድቶ ልጁን ለብቻው አሳድጓል፤ ሰፈራችን ሴን ሚሼል ውስጥ እሱ ያላስታረቀው ባልና ሚስት የለም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ "ላ ፔርል" የሚባለው የሄይቲ ልጆች የእግር ኳስ ቡድን ፕሬዚዳንት ሆኗል።

እኔ ታናሽ እህቱ ዮሌት ነኝ። ፀጉር ቤቴ ከመኖሪያ ቤቱ ሥር ነው፤ ላይ ቤት የሚባለውን ግማሹን በጆሮዬ እሰማለሁ፣ ግማሹን ደንበኞቼ ይነግሩኛል።

ያን ቅዳሜ ግን ማንም መንገር አላስፈለገውም። ላይ ቤት ነበርኩና በር ሲንኳኳ እኔው ነኝ የከፈትኩት። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ጎልማሶች ቆመዋል፤ አንደኛው ቀጭን ሞሮኳዊ፣ ሌላው ወፍራም ፖላንዳዊ። ሞሮኳዊው በሮዝ ሪባን የታሰረ ፖስታ በሁለት እጁ ይዟል። በእኛ በሄይቲ ልማድ የጋብቻ መጠየቂያ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚታሰረው፤ ሪባኑን እንዳየሁ አወቅሁ። ወጥ ቤት ሩዝ ስታጥብ የነበረችው የወንድሜ ልጅ ሚርላንድም አወቀች መሰለኝ፣ የውኃው ድምፅ ቀጥ አለ።

"ሙሴ ፌኔሎን፣ ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው" አለ ሞሮኳዊው፤ ሙሴ እኛ ዘንድ አቶ ማለት ነው። ስሙ ድሪስ ነው።

ወንድሜ ከላይ እስከ ታች አያቸው። "የማን ወገን ናችሁ?"

"የልጁ ቤተሰብ ነን። እዚህ አገር ከኛ ሌላ ዘመድ የለውም።"

"ሞሮኮና ፖላንድ ተጋብተው የወለዱት ነው?"

ካዚክ የተባለው ፖላንዳዊ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ወንድሜም ቀልዱ ስለተሳካለት ደስ ብሎት ቁጭ በሉ አላቸው። የማንጎ ጭማቂ ቀረበ። መነጽሩ ስለጠፋበት ደብዳቤውን እኔ አነበብኩ። ከሄይቲ፣ ከጎናይቭ ከተማ፣ ከልጁ እናት ከማዳም ኤሊሜን የተላከ ነው። እሳቸው ሲናገሩ አንድ ጽሕፈቱ የሚያምር ሰው ጽፎላቸዋል። "የተከበሩ ሙሴ ፌኔሎን፣ በሩቅ ያለሁ ባልቴት ነኝና ከደጅዎ መቆም አልቻልኩም። ልጄ ግን በአጥርዎ ውስጥ ያለችውን ጽጌረዳ አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። እንዲሰርቃት አላሳደግሁትም፤ እንዲለምን ነው ያሳደግሁት።" ወንድሜ እዚህ ላይ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ አልሰማም። "የልጄም ስም ዊዝለር ኦጊስታ ይባላል" ብዬ ስቀጥል ነቅናቂው ራስ ቆመ።

"ዊዝለር ማን?"

"ኦጊስታ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

"ዳኛው?"

ቀና ብሎ ድሪስን አተኩሮ ሲያየው ነገሩ ገባው። "አንተማ ባንዲራ የሰቀልከው ነህ።"

ታሪኩን ሴን ሚሼል ሁሉ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት፣ በሐምሌ ሙቀት፣ የማኅበረሰቡ ዋንጫ ፍጻሜ በሰፈራችን ፓርክ ይካሄድ ነበር። ላ ፔርል ከተመሠረተ ጀምሮ ዋንጫ በልቶ አያውቅም። ሊያልቅ ሲል የኛ አጥቂ ኳሷን መረብ ውስጥ ከተታት። ሰው ሜዳ ገባ፣ ወንድሜ ኮፍያውን ወርውሮ አለቀሰ። የመስመር ዳኛው ግን ባንዲራ ሰቅሎ፣ መሐል ዳኛውም ፊሽካ ነፍቶ ነበር። ኦፍሳይድ ተባለ። ከዚያ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፍን። መሐል ዳኛው ዊዝለር ነበር፤ ያኔ ካናዳ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። የአገራችን ልጅ ሆኖ ነው የነፋብን። ወንድሜን ያቃጠለው ይሄ ነው።

"በእግሩ ከአሜሪካ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ልጅ" አለ ፌኔሎን። እሱ በአውሮፕላን፣ ከራባት አስሮ መምጣቱን ሳይጠቅስ የሚያልፍበት ወሬ የለም። "እኛ መንገድ ጠርገን ጠበቅነው። እሱ ጎላችንን ወሰደ። አሁን ደግሞ ልጄን አምጣ ይለኛል።"

ሚርላንድ ከወጥ ቤት ወጣች። እጇ ውኃ እያንጠባጠበ አባቷን ትክ ብላ አየችው። ወንድሜ ያቺን ዓይን አይችልም። እሷም ያለ አባቷ ምርቃት ከቤት የምትወጣ ልጅ አይደለችም፤ ይሄን ሁለቱም ያውቃሉ።

"እሺ" አለ። "ልጄን አልከለክልም። እሁድ ሳምንት ይምጣ። ጓደኞቼ ባሉበት ቆሞ፣ ያቺ ጎል ጎል ነበረች ይበል። ከዚያ እመርቃለሁ።"

"ይሄው ነው?" አለ ካዚክ፣ ፊቱ በርቶ።

"ይሄው ነው።"

ድሪስ ግን የያዘውን ጭማቂ ሳይቀምስ መልሶ አስቀመጠው። እኔ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ሚርላንድ ወጥ ቤት ጎትታ አስገብታኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ነበር። "አንዲት ቃል ብቻ፣ አክስቴ" ትላለች፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔንም ታስለቅሰኛለች።

የነዚህን ልጆች ፍቅር ያሳደግሁት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ሚርላንድ ፋርማሲስት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ አባቷን ያኮራች። ዊዝለር ቀን ቀን የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ይሠራል፤ ማታና ቅዳሜና እሁድ ያጫውታል። አገር ቤት የታወቀ ዳኛ ነበር። እዚህ ሲመጣ ከሀሁ ጀመረ። ጥርሳቸው ያልበቀለ ሕጻናትን ሲያጫውት እናቶቻቸው ከመስመር ዳር ይሰድቡት ነበር። "አንዷ በጃንጥላ መታችኝ፤ ልጇ ግን ይቅርታ ጠየቀኝ" ብሎ ነግሮናል። ከሕጻናት ወደ ወጣት፣ ከወጣት ወደ ክለብ፣ ከክለብ ወደ ትልቁ ሊግ እያለ፣ አምና የኢንተርናሽናል ዳኝነት ባጅ ደረቱ ላይ ለጠፉለት። ድሪስና ካዚክም አብረውት ወጡ። ሦስቱ ሲሄዱ፣ ሲበሉ፣ ሲሰደቡም አንድ ላይ ናቸው።

ፋርማሲው የሄደው ለጡንቻ መታሻ ቅባት ነበር። በሳምንቱ ተመለሰ። በሚቀጥለውም ተመለሰ። ሚርላንድ ተጨንቃ "ይሄን ያህል ካመመህ ሐኪም ይይህ" ስትለው "እግሬን አላመመኝም" አላት። "ታዲያ ቅባቱን ምን አደረግኸው?" "ለካዚክ ሰጠሁት። እሱም አላመመውም።"

ከየሄደበት አገር ይጽፍላታል። ፍቅር መጻፍ አያውቅበትም፤ የሚያውቀው የጨዋታ ሪፖርት መጻፍ ነው። "ከኪንግስተን። የአየር ሁኔታ፦ ዝናብ። የሜዳው ሁኔታ፦ ጭቃ። ቀይ ካርድ፦ የለም። ጉዳት፦ አንድ ሰው፤ እሱም መሐል ዳኛው ነው። ከሞንትሪያል ከወጣ ጀምሮ እሷን ስላላየ ልቡን ያመዋል። ሕክምና ወደ ሜዳ እንዲገባ ምልክት ሰጥቷል፣ እስካሁን የመጣ የለም።" ይሄን ስታነብልኝ ፀጉሯን እየሠራሁላት ነበር። በሳቅ ስትንፈራፈር ሹሩባውን አበላሸችብኝ፤ እንደ ገና ፈትቼ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ልታየው ስታዲየም ሄዳ አኩርፋ ተመለሰች። ጨዋታው ተጀምሮ እስኪያልቅ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አላያትም። በማግስቱ መጥቶ የለበሰችውን ሻርፕ ቀለም፣ አጠገቧ የነበረውን የሚያስነጥስ ሽማግሌ፣ ከእረፍት በኋላ ወንበር መቀየሯን ሁሉ ነገራት። "ሜዳ ላይ ሳለሁ ቀና አልልም ማለት አላየሁም ማለት አይደለም" አላት። ከዚያ ወዲያ ሚርላንድን ሌላ ወንድ አግቢ ማለት ዘበት ሆነ።

እንግዲህ አስቡት። ይሄ ሁሉ ተሻግሮ፣ የቀረው አንድ ቃል ነው። ሮብ ማታ ፀጉር ቤቴን ልዘጋ ስል ዊዝለር ገባ። ሚርላንድ እኔ ዘንድ ነበረች። ፊቱን ስታየው ፈገግታዋ ቀነሰ።

"ሚርላንድ፣ የተባልኩትን አልልም።"

"ምኑን?"

"አባትሽ በል ያሉኝን።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። "ጎል አልነበረም ብለህ ነው?"

"እሱንም አልልም።"

"ታዲያ ምንድነው የምትለው?"

"ሜዳ ላይ የሆነ ነገር ሜዳ ላይ ይቀራል ነው የምለው። ሌላ ነገር ጠይቂኝ። ከዚህ እስከ ወንዙ በጉልበትህ ሂድ በይኝ፣ እሄዳለሁ።"

"ጉልበትህን ምን ላድርገው? ጉልበትህን ፌዴሬሽኑ ይፈልገዋል። እኔ የፈለግሁት ምላስህን ነው።"

እኔ መጥረጊያ ይዤ የተጠረገ ወለል እጠርጋለሁ። ምን ላድርግ።

"ብናገር የሚጎዳ ሰው አለ" አለ ዊዝለር ዝቅ ብሎ።

"ማን?"

ዊዝለር ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

"ማን ነው ዊዝለር? እኔ ነኝ? እኔማ ይኸው እየተጎዳሁ ነው። እናትህ ደብዳቤ ልከው መልስ እየጠበቁ ነው፣ እሳቸው ናቸው? አባቴ አንገቱን ደፍቶ እሺ ብሏል። እሱ ይሄን ያህል ሲወርድ አንተ አንዲት ቃል ከበደችህ?"

"ከበደችኝ።"

"ስለ ስምህ ነው። ሰኞ ለአህጉሩ ዋንጫ ትሄዳለህ፤ ትልቅ ሰው ሆነሃል። ትልቁ ዳኛ ተሳስቶ ነበር እንዳይባልብህ ነው።"

ይሄ ቃል እንደ ጥፊ ነው ያረፈበት። አንድ ነገር ጉሮሮው ላይ እንደተያዘ እኔ አየሁ፤ እሷ ግን እንባ ጋርዷት አላየችም። ተነስታ ደረጃውን ወጣች። ከላይ ሆና "ፊሽካህን አግባ" አለችው። ዊዝለር በሩ እስኪዘጋ ጠብቆ "አክስቴ ዮሌት፣ እሁድ እመጣለሁ፤ ተጠርቼ አልቀርም" ብሎኝ ወጣ። ይሄን ልጅ ያን ማታ በጣም ጠላሁት፤ በጣምም አዘንኩለት።

እሁድ ቀኑ ብሩህ ነበር። የወንድሜን ጓሮ ሰው ሞልቶታል። የአሳማ ሥጋው ግሪዮ ተጠብሷል፣ ሙዙ ተጠብሷል፣ በቃሪያ የተዘፈዘፈው የጎመን ፒክሊዝ ዓይን ያስለቅሳል። ፌኔሎን ከጓደኞቹ ከነሙሴ ኦክታቭ ጋር ዶሚኖ ይዟል። እኛ ዘንድ ዶሚኖ የተሸነፈ ሰው ጆሮው ላይ የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ይደረግበታል፤ ወንድሜ ሁለት ተደርጎበት ነበር። የውጭው በር ሲከፈት ፈጥኖ ነቅሎ ኪሱ ከተታቸው። ጆሮው ግን እንደ ቀላ ቀረ።

ዊዝለር ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል። ድሪስ በቀኙ፣ ካዚክ በግራው። እንዲህ ሆነው ነው ሜዳ የሚገቡትም። ሚርላንድ በረንዳው ላይ ቆማለች። ከሮብ ጀምሮ አልተነጋገሩም። ዊዝለር እንዳያት አየሁ፤ እሷ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች፣ እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"እንግዲህ" አለ ወንድሜ ከወንበሩ ሳይነሳ። "ሰው ሁሉ ይሰማል። በል።"

ዊዝለር ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። "ሙሴ ፌኔሎን፣ ያን ቀን ፊሽካውን የነፋሁት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ የኔ ነው፣ ከኔ ሌላ ማንም የለበትም። ስላስቀየምኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚህ ሌላ የምናገረው የለኝም።"

"ጎል ነበረች ወይስ አልነበረችም?"

"ከዚህ ሌላ የምናገረው የለኝም።"

ወንድሜ ሪባኑ የተፈታውን ደብዳቤ ከደረት ኪሱ አወጣ። ሁለት ጊዜ ማሰቡን አየሁ፤ ቢሆንም እጁን ዘረጋ። "እንግዲያው ለእናትህ መልስላቸው። ጽሕፈቱ በጣም ያምራል በላቸው።"

ሚርላንድ ትንሽ ድምፅ አወጣች። ዊዝለር ደብዳቤውን ሊቀበል ሲል ድሪስ መሐል ገባና ክንዱን ያዘው።

"በቃ" አለ ድሪስ።

"ድሪስ፣ ተው።"

"አልተውም። መኪና ውስጥ ተው አልከኝ፣ ተውኩ። ባለፈው ቅዳሜ ተው አልከኝ፣ ተውኩ። ሚስት ሲከለክሉህ ግን ቆሜ አላይም።" ወደ ወንድሜ ዞረ። "ሙሴ ፌኔሎን፣ ጎል ነበረች። አጥቂዎ ከጨዋታ ውጪ አልነበረም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

የዶሚኖ ጓደኞቹ አጉረመረሙ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ይሄን ቀን ስንት ዓመት ጠብቆታል። "አላልኳችሁም? አላልኳችሁም እኔ?"

"ለምን እንደ ተሳሳትኩም ልንገርዎት" አለ ድሪስ።

"ድሪስ" አለ ዊዝለር፣ አሁን በልመና።

"የመስመር ዳኛ ከመጨረሻዎቹ ተከላካዮች ጋር እኩል መሮጥ አለበት። እኩል ካልሆነ ዓይኑ ይዋሻል፤ እኩል የቆመው አጥቂ ቀድሞ የወጣ ይመስለዋል። ኳሷ ስትመታ እየሮጥኩ ነበር። መስመሩ ላይ ግን ጠረጴዛ ነበረ። አራት ሰዎች ዶሚኖ ይጫወቱበት ነበር። ዞሬው ስመጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረሁ። እዚያው ቆሜ ነው ባንዲራ የሰቀልኩት።"

"የምን ጠረጴዛ?" አለ ወንድሜ።

"ታጣፊ ነው። ሰማያዊ" አለ ካዚክ፣ ሊረዳው ብሎ።

ሁሉም ዓይን ቁልቁል ወረደ። ጠረጴዛው እዚያው ፊት ለፊታችን ነበር፤ ዶሚኖው እንደተደረደረ፣ ሰማያዊ ቀለሙ ጫፉ ላይ ተልጦ።

መጀመሪያ የሳቀው ሙሴ ኦክታቭ ነው። ሊያፍነው ሞክሮ አቃተው። "ፌኔሎን፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከዛፉ ሥር ጥላው ዞረ ብለህ ወደ ሜዳው አስጠጋኸው እኮ። እኔ ኳስ ይመታናል ስልህ፣ ኳሱ እኔን ያውቀኛል አልከኝ።" ከዚያ ጓሮው ሁሉ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ወንድሜ ነው፣ ግን ምን ላድርግ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የላ ፔርልን ዋንጫ የበላው ፕሬዚዳንቱ ነበር።

ያልሳቁት ሦስት ናቸው። ወንድሜ፣ ዊዝለርና ሚርላንድ።

"ታውቅ ነበር?" አለ ፌኔሎን ለዊዝለር።

"ያኑ ዕለት ድሪስ ነግሮኛል።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት በየቀብሩና በየክርስትናው ስምህን ሳነሳ፣ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

ዊዝለር መሬት መሬት አየ። "ከጨዋታ በፊት መስመሩን ማጽዳት የኔ ሥራ ነው። ጠረጴዛውን አይቼዋለሁ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ገና ሜዳው ስገባ ውኃ ቀድተው የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ከጥላ ተነስተው ፀሐይ ላይ ይቀመጡ ማለት አፈርኩ። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መስመሩን ሳላጸዳ ፊሽካ ነፍቼ አላውቅም፤ የትም አገር።" ወደ ድሪስ ዞር አለ። "ብናገር ደግሞ ድሪስን ከሥራው ያስወጡት ነበር፣ ገና አዲስ ነበረ። እርስዎንም… ይኸው እንደሚሰሙት ይስቁብዎት ነበር። እኔን ቢሰድቡኝ ግድ የለም። ዳኛ ነኝ፣ ለምጄዋለሁ።"

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ሚርላንድ ከበረንዳው ወረደች። ከአባቷ አልፋ ዊዝለር ፊት ቆመች።

"እኔም ስለ ስምህ ነው አልኩህ" አለችው።

"አታውቂም ነበር።"

"ባላውቅም። ሦስት ዓመት አውቄህ ይሄን ማወቅ ነበረብኝ። አንተ ከወንበሬ ስነሳ ታውቃለህ፣ እኔ ግን ጉሮሮህ ላይ የቆመውን ነገር አላየሁም።" ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ ጎል ነበረች እንዲል አልፈልግም። ዛሬም፣ መቼም። አንተ እየረገምከው ያንተን ገመና የሸፈነ ሰው የኔንም ይሸፍናል። እኔ ሌላ ባል አልፈልግም። ምርቃትህን ግን እፈልጋለሁ። እምቢ ካልክ እዚሁ ቤት አረጅብሃለሁ፤ በየቀኑም ሩዙን አሳርርብሃለሁ።"

ወንድሜ ዞረና ቤት ገባ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ዊዝለር ባለበት ቆሞ ቀረ፤ ካዚክ ግሪዮ የሞላ ሳህን በእጁ እንደያዘ መብላት አፍሮ ቆመ። ሙሴ ኦክታቭ "አበዛነው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ልከተለው ደረጃው ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ።

ፌኔሎን ኮትና ከራባት አድርጎ ወጣ። ለቀብር የሚለብሰው ሳይሆን ለሰርግ የሚለብሰው ነው። የጋብቻ ጥያቄ በሸሚዝ አይመለስም፤ ይሄ ወንድሜ የማይሽረው ሕግ ነው። ሚርላንድ ኮቱን ስታይ አፏን በእጇ ሸፈነች።

"የእናትህ ስልክ ቁጥር አለህ?" አለው ዊዝለርን።

"አለኝ።"

"ደውልልኝ። ደብዳቤ የላኩት እሳቸው ናቸው፣ መልሱን መስማት ያለባቸው እሳቸው ናቸው።"

ዊዝለር ስልኩን አወጣ። ሚርላንድ ተቀብላው ደወለች። ሲነሳ ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ፤ ከጀርባ ዶሮ ይጮሃል፣ ሬዲዮ ይዘፍናል።

"ማዳም ኤሊሜን" አለ ወንድሜ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ። "ፌኔሎን እባላለሁ፣ ከሞንትሪያል። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ልጅዎ ልጄን ጠይቋል፣ እኔም ሰጥቻለሁ። እግዚአብሔር ይባርካቸው።"

በወዲያኛው ጫፍ ሴትየዋ እልል አሉ፤ ከዚያ አለቀሱ፤ ከዚያ ድምፃቸውን አስተካከሉና የእናት ጥያቄ ጠየቁ። "ሙሴ ፌኔሎን፣ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ ስምንት ቀናቸው ነው። ልቤ አልቆ ነበር። መልሱ እንዲህ የዘገየው ልጄ ምን አጥፍቶ ነው? ንገሩኝ፣ እኔ እቀጣዋለሁ።"

ወንድሜ ስልኩን እንደያዘ ሁላችንንም በዓይኑ አዳረሰን፤ ጓደኞቹን፣ ድሪስን፣ እኔን፣ በመጨረሻም ዊዝለርን። የልጁ ዓይን ሞልቷል፤ ግን ራሱን ወዘወዘ፤ ግዴለም፣ አይናገሩ ማለቱ ነው። እንደለመደው ጥፋቱን ለመውሰድ ተዘጋጅቶ ነበር።

"እሱ ምንም አላጠፋም" አለ ፌኔሎን። ድምፁ ተሰበረ። "ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ማዳም። የኔ የራሴ።"

ይሄን ቃል ከወንድሜ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ለሚስቱም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲህ ብሏት አያውቅም፤ ለእኔም አላለኝም። ሚርላንድ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ በአንድ እጁ እሷን አቅፎ፣ በሌላው ስልኩን እንደያዘ፣ ዊዝለርን በዓይኑ ጠራው። ልጁ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። መንካት ፈርቶ ነበር። ሚርላንድ ናት እጁን ይዛ ወደ መሐላቸው የሳበችው።